የተቀባ ዝገት

አንድ ሰው ከሳጥን ያወጣቸውን ከመቶ የሚበልጡ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ለሳምንታት ሲቆርጥ፣ ሲሞርድና ሲያጣብቅ ቆይቶ አንዲት የጭነት መኪና ያቆማል። ቁመቷ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ካቢናዋ፣ ሻንሲዋ፣ ባሌስትራዋ፣ የጭስ መውጫ ቱቦዋ ሳይቀር በየቦታቸው ተሰክተዋል። ቀለም ተቀብታ ስትደርቅ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች። ሥራው እዚህ ላይ ተፈጸመ የሚል ተመልካች ቢኖር ግን ከነገሩ ዋና ክፍል ገና አልደረሰም። ሠሪው ያን ያህል የደከመበትን አዲስነት በገዛ እጁ ማጥፋት ይጀምራልና። የበሯን ቀለም ይልጣል፤ በጭስ ቱቦዋ ላይ ዝገት ያበቅላል፤ ጎማዎቿን ጭቃ ያለብሳል፤ ከነዳጅ መያዣዋ አፍ ሥር ናፍጣ ሲፈስ የኖረ የሚያስመስል ጥቁር መስመር ያወርዳል። አንድ ሜትር እንኳ ያልተጓዘችው መኪና ሃያ ዓመት መንገድ የበላት ሆና ትወጣለች።

ይህ ሥራ በአማርኛ «ማስረጀት» ቢባል ከትርጉሙ አይርቅም። ለመሆኑ ያልተሄደ መንገድ አቧራ፣ ያልዘነበ ዝናብ ዝገት፣ ያልደረሰ ግጭት ጠባሳ በአንድ ዕቃ ላይ ማኖር ምን ዓይነት ሥራ ነው? ውሸት ነውን? ውሸት ከሆነ የተዋሸው ማን ነው? ውሸት ካልሆነስ በዚያች የፕላስቲክ በር ላይ የሚታየው ዝገት የምን እውነት ነው? ጥያቄው የጎልማሶችን መጫወቻ ለማካበድ የቀረበ ሊመስል ይችላል። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን ሥዕልን፣ ቲያትርንና ቅርጻ ቅርጽን ከጥንት ጀምሮ ሲከተል የኖረው ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ በስንዝር ተለክቶ በጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ብቻ ነው።

የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን የተስፋፋ ነው። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ በ1946 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንጨት መሰንጠቂያነት የተቋቋመው ታሚያ፣ መጀመሪያ የእንጨት ሞዴሎችን ሲሠራ ቆይቶ በ1960 ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ የመጀመሪያው የፕላስቲክ ሞዴሉ አድርጎ አቀረበ። የጭነት መኪናን በተመለከተ የኢጣሊያው ኢታሌሪ በ1ለ24፣ የአሜሪካው ኤኤምቲ በ1ለ25 ልኬት ባወጧቸው ሞዴሎች ይታወቃሉ። በ1ለ24 ልኬት ስድስት ሜትር የሚረዝም መኪና 25 ሳንቲሜትር ይሆናል። ክፍሎቹ ፖሊስታይሪን ከተባለ ፕላስቲክ ይቀረጻሉ፤ ኮላውም ሁለቱን ክፍሎች አሟሙቶ ያዋሕዳል እንጂ እንደ ሙጫ በመካከላቸው አይቆምም። በዚህ ምክንያት ሠሪው ሳያስተውል ጣቱን በኮላው ላይ ቢያሳርፍ አሻራው በፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ይቀራል። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ስፋት ያለው አሻራ በትንሿ መኪና ዓለም ውስጥ 36 ሳንቲሜትር ነው፤ አንዳች ግዙፍ ፍጡር ካቢናውን ጨብጦ የለቀቀው ይመስላል። የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሕግ እንግዲህ የሠሪው እጅ እንዳይታይ ማድረግ ነው።

በማስረጀት ቀድመው ከተጠበቡት መካከል የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ይገኙበታል። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ከተማ የኖረው ጆን አለን ሙያው ፎቶግራፍ ነበር። በቤቱ ምድር ቤት ተራራና ገደል፣ ድልድይና ጣቢያ ያለው አንድ ሙሉ የባቡር መንገድ ዘረጋ፤ ሎኮሞቲቮቹን ጥላሸት፣ የቆርቆሮ ጣራዎቹን ዝገት አለበሳቸው። አሻንጉሊት ሁሉ ማብረቅረቅ አለበት ተብሎ ይታመን በነበረበት ጊዜ ይህ ብዙዎችን ያስደነገጠ አዲስ ነገር ነበር። አለን በጥር 1973 አረፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በቤቱ የተነሣ እሳት የባቡር መንገዱን አወደመው። እውነተኛ እሳት ልኬት አይጠብቅምና። በዚያው በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ሞኖግራም ለተባለው ድርጅት ባዘጋጃቸው፣ ከሞዴሎቹ ጋር በሳጥን ውስጥ ይቀመጡ በነበሩት ወረቀቶች አማካይነት፣ ሙያው ከባቡር ወደ ተሽከርካሪ ሞዴል ሠሪዎች በስፋት እንዲዛመት ረዳ።

የአሠራሩ ጥበብ ሊታይ የሚገባው ነው። መጀመሪያ በብዛት የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በመላ አካሏ ላይ ይፈስሳል፤ ቀለሙ በገዛ ራሱ ወደ መገጣጠሚያዎቹና ወደ ብሎኖቹ ዙሪያ ገብቶ የዓመታትን እድፍ ይመስላል። ቀጥሎ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ ጥቂት በቀረው ቡርሽ ጠርዞቹ ቀስ ብለው ይዳሰሳሉ፤ እጅና ጊዜ ያፋቁት ይመስላሉ። የተላጠ ቀለም ለማሳየት ከሁሉ የሚያስገርመው ዘዴ በጨው የሚሠራው ነው። በሩ በቅድሚያ የዝገት ቀለም ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ በውሃ ረጠብ ተደርጎ ጨው ይነሰነስበታል፤ ጨው እንደ ያዘ የመኪናዋ ዋና ቀለም በላዩ ይረጫል። ሁሉም ሲደርቅ ጨው ይራገፋል፤ ጨው በነበረበት ቦታ ሁሉ ከሥር ያለው ዝገት ብቅ ይላል። ሌሎች በጨው ፈንታ በሁለቱ ቀለሞች መካከል የፀጉር ስፕሬይ ይረጩና የላይኛውን ቀለም በእርጥብ ቡርሽ እያሹ ይልጡታል። የሚያስደንቀው በሁለቱም ዘዴዎች ዝገቱ ከላይ የተለጠፈ አለመሆኑ ነው። በእውነተኛው መኪና ላይ እንደሚሆነው ሁሉ ከሥር ይጠብቃል፤ ሽፋኑ ሲነሣ ይታያል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፌ ተውኔት ቢኖር ከጨው ዘዴ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል አንድ ሁለት ነገር ሊማር ይችላል።

አሁን አንድ እንግዳ ነገር ይመጣል። እንዲህ ከሚደክም ሠሪው ለምን ከደጁ አፈር ዘግኖ አይበትንባትም? ለምን እውነተኛ ዝገት ከአሮጌ ብረት ፍቆ አይለጥፍባትም? የሞከሩት መልሱን ያውቃሉ፤ ውሸት ይመስላል። ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል የአሸዋ ቅንጣት በ1ለ24 ልኬት የአሥራ ሁለት ሚሊሜትር ጠጠር ናት። አቧራ ይሆናል የተባለው የኮረት ክምር ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው ተፈጥሮ ከሰጠችው አፈር ይልቅ እንደ ዱቄት የላመ የቀለም ብናኝ ይጠቀማል። ከብርሃን ጋር ያለው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሠላሳ ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ ትንሿን መኪና የሚመለከት ሰው እውነተኛውን መኪና ከሰባት ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትር ርቀት እንደሚመለከት ያህል ነው፤ በመካከል ያለው አየር ግን የለም። በርቀት የሚፈዘውን ቀለም ሠሪው ራሱ አፍዝዞ መቀባት፣ በትንሽ ነገር ላይ በደንብ የማይወድቀውን ጥላም በቡርሽ ማኖር አለበት። የእውነተኛው መኪና ቀለም ከነቁጥሩ ተገዝቶ ቢቀባባት ከሚገባው በላይ የጠቆረችና የከበደች ትመስላለች። እውነተኛው አፈር ሐሰት ሲሆን የተፈበረከው እውነት ይሆናል። በዚህ ዓለም እውነት የሚገኘው ዕቃውን ከቦታው በማንሣት አይደለም፤ በዕቃዎቹ መካከል ያለውን ዝምድና በመጠበቅ ነው።

አፍላጦን ይህን ቢሰማ ደስ አይለውም ነበር። «ፖሊቴያ» በተባለው ድርሳኑ አሥረኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሦስት አልጋዎች ይናገራል፤ አንዱ የአልጋ ሐሳብ፣ ሁለተኛው አናጢው የሠራው፣ ሦስተኛው ሰዓሊው የሣለው ነው። ሰዓሊው ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ርቆ ይገኛል፤ ስለ አልጋ ምንም ሳያውቅ የአልጋን መልክ ብቻ ይቀዳልና። የመኪናዋን ሠሪ ወደዚህ ችሎት ቢያቀርቡት ክሱ ይከብዳል፤ መልክ መቅዳቱ ሳያንስ የመልክን መበላሸት ይቀዳል። አርስጣጣሊስ ግን በሥነ ግጥም ድርሳኑ ሌላ ነገር አስተውሏል። ሰዎች በእውነተኛው ዓለም ሲያዩት የሚያስከፋቸውን ነገር፣ የአስከሬንን መልክ እንኳ ሳይቀር፣ በትክክል ተሥሎ ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ ምክንያቱም እያዩ ይማራሉ፤ ይህ እንዲህ ያለው ነገር ነው እያሉ ያገናዝባሉ። ዝገትም እንዲሁ ነው። የመኪና ባለቤት ዝገት ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ የሞዴል ተመልካች ግን ያንኑ ዝገት አይቶ ይደሰታል። ደስታው ከጥፋቱ የመጣ አይደለም፤ የጥፋቱን መንገድ በዓይኑ ተከትሎ ለማንበብ በመቻሉ ነው።

ይሁንና የአርስጣጣሊስ መልስ ለአንድ ከባድ ክስ አይበቃም። አሮጌ የሚመስል ነገር የሚሠራ ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም አጭበርባሪው ነው። ኔዘርላንዳዊው ሃን ቫን ሜግረን የአሥራ ሰባተኛውን ምዕተ ዓመት ሰዓሊ የዮሐንስ ፈርሜርን ሥራዎች የሚመስሉ ሥዕሎች ሠርቶ እንደ እውነተኛ ሸጠ። ቀለሙ የዘመናት ድርቀት እንዲኖረው ከባክላይት ጋር ቀላቅሎ በምድጃ ጋገረው፤ ሸራውን አንከባልሎ ሰነጣጠቀው፤ በስንጥቆቹ መካከልም እድፍ እንዲመስል ጥቁር ቀለም አስገባ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የመጨረሻው ተግባር የሞዴል ሠሪው በየመገጣጠሚያው ከሚያፈስሰው ቀጭን ቀለም ጋር በአሠራር አንድ ነው። ቫን ሜግረን በ1945 ተይዞ ማጭበርበሩን ራሱ ተናዘዘ፤ በ1947 የአንድ ዓመት እሥራት ተፈረደበት። በኢትዮጵያም ቢሆን ትናንት የተሣለ የብራና ሥዕል በጭስ አጥቁሮ፣ ጠርዙን አጎሳቁሎ፣ ከጥንታዊ ገዳም የወጣ ነው ብሎ ለቱሪስት የሚሸጥ ነጋዴ አልጠፋም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእጅ ሥራው ውስጥ አይገኝም። ሞዴል ሠሪው ማንንም አላታለለም፤ መኪናዋን የሚያይ ሁሉ ፕላስቲክ መሆኗን ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮም ሊያደንቃት አይችልም ነበር። አጭበርባሪው የሚሸጠው ሥዕሉን ሳይሆን ያልኖረውን ጊዜ ነው። ሞዴል ሠሪው ጊዜን ያሳያል እንጂ አይሸጥም። ቲያትርን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለለማኝ ገጸ ባሕርይ የተሰፋው ልብስ ከአዲስ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ በሻይ ይነከራል፤ በብርጭቆ ወረቀት ክርኑ ይፈገፈጋል፤ ጫፉ ይተረተራል። ተመልካቹ ይህን ያውቃል፤ አውቆም ያለቅሳል። ሕንፃ ቢያስፈልግ ሕንፃ፣ መኪና ቢያስፈልግ መኪና እንዲሁ ይደረጋል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1971 «ዱኤል» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ሰውን በአውራ ጎዳና የሚያሳድደው የ1955 ፒተርቢልት የጭነት መኪና እውነተኛ አሮጌ መኪና ነበር፤ ያም ሆኖ ዘይትና እድፍ ተጨምሮበት ነው ለካሜራ የቀረበው። አሮጌው እንኳ አሮጌ ለመምሰል መኳኳል አስፈለገው።

እንግዲህ ማስረጀት በራሱ ውሸት ካልሆነ ውሸት የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት ነውን? አለ። ብዙ ጊዜም ይገኛል።

ዝገት ሕግ አለው። ብረት፣ ውሃና አየር በተገናኙበት ይጀምራል፤ ጨው ሲጨመርበት ይፋጠናል፤ ከቀለሙ ሥር እያበጠ ቀለሙን እንደ ቋቁቻ ያነሣዋል። ስለዚህ በመኪና ላይ በዘፈቀደ አይወጣም። የሾፌሩ ጫማ ዘወትር በሚረግጠው መወጣጫ ጠርዝ፣ ጠጠር በሚመታው የፓራፋንጎ ሥር፣ ጭነት ሲወርድ በሚጋጨው የጭነት ሳጥን ከንፈር፣ ውሃ ገብቶ መውጫ በሚያጣበት የበር ግርጌ ይወጣል። የጭስ ቱቦና ማርሚታ ሙቀቱ ቀለማቸውን ስለሚያቃጥለው ከሁሉ ቀድመው ይዝጋሉ። የበሩ እጀታ ግን በየቀኑ በእጅ ስለሚታሽ ያብረቀርቃል እንጂ አይዝግም። አሉሚኒየም ደግሞ ጨርሶ ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ይደበዝዛል፣ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል። ከ1967 እስከ 1987 የተመረተው ፒተርቢልት 359 ካቢናው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ የእርሱን ሞዴል ሠርቶ በሮቹን በቀይ ዝገት ያዥጎረጎረ ሰው ግን አንድ ሁለት አይደለም። ሥራው ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙም የተዋጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሊሆን የማይችለውን ተናግሯል። አሮጌ ነገር እንዴት እንዳረጀ ሳይጠይቅ የአሮጌነትን መልክ ብቻ ወድዷል። የአፍላጦን ክስ የሚጸናው በዚህ ሠሪ ላይ ነው።

ሕጉን የሚያውቀው ሠሪ ግን ቡርሹን ከማሳረፉ በፊት በየቦታው ጥያቄ ያቀርባል። ይህ ጭረት ከምን መጣ? ይህን ጠርዝ ማን ነካው? ይህ ጭቃ ደርቆ ነው ወይስ ዛሬ የተረጨ? ከዚህ ሲደርስ ሳያስበው ከብረት ሕግ ወደ ሰው ሕይወት ይሻገራል። የመወጣጫው ጠርዝ የተላጠው በአንድ ሰው እግር ነውና። ከበሩ መስኮት በታች ያለው ቀለም የሳሳው በአንድ ሾፌር ክርን ነው፤ ለዓመታት በሙቀት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን አሳርፎበታልና። የተጎረደው መከላከያ የአንድ ቀን ድንጋጤ ነው፤ ምናልባትም ከድንጋጤ የከፋ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው የእውነትና የውሸት ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሌላ ሰው ድካምና አደጋ የጣለውን ምልክት ለውበት ሲባል መቅዳት ተገቢ ነውን?

ጉዳዩን በቅርብ በሚታወቅ መኪና መመልከት ይቻላል። ከ1952 ጀምሮ የተመረተው ፊያት 682 በአፍሪካ ብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ጭነት ተሸክሟል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤን 3 የተባለው ዓይነት በኢጣሊያንኛ አጠራር «ኤንትሬ» ተብሎ ስሙ ከሾፌሮች አፍ አልወጣም። ወደቡ በ1998 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ለኢትዮጵያ ጭነት እስከ ተዘጋ ድረስ፣ ከአሰብ የሚነሣ መኪና የአፋርን ቆላ በሚያቃጥል ሙቀት አቋርጦ፣ በሚሌና በኮምቦልቻ በኩል ወጥቶ፣ የጣርማ በርን ብርድና ጉም ቀዝፎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። በአንድ ጉዞ የባሕር ጨው፣ የበረሃ አቧራና የደጋ ጭቃ ተራ በተራ ይነባበሩበታል። ረዳቱ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ታኮ ይዞ ይወርዳል፤ ከጎማው ሥር ለመወተፍ ሲያጎነብስ ቢዘገይ የሚከፍለው ዋጋ ሕይወቱን ነው። በኤንትሬ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጭረት ይህን የመሰለ ታሪክ አለው።

ታዲያ ያ ሾፌር የመኪናውን እርጅና ይወደው ነበርን? ፈጽሞ። ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መኪናውን ማሳጠብ ነው። ገንዘብ ሲያገኝ ላሜራ ቤት ያስገባዋል፤ ጎድጓዳውን ያስቀጠቅጣል፤ ስቱኮ ያስለጥፋል፤ አዲስ ቀለም ያስቀባል፤ ግንባሩ ላይ የሚወደውን ቃል ያስጽፋል፤ ካቢናው ውስጥ አበባና ሥዕል ይሰቅላል። ዕድሜውን ሙሉ ከዝገት ጋር ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። በሌላ አገር ደግሞ ምቹ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ አቧራው በጉሮሮው ያልወረደ ሰው፣ ያንን ሾፌር የሚያሸንፈውን ጠላት በብዙ ገንዘብ ገዝቶ በጥንቃቄ ይቀባል። ይህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ሰው ቢያፍር አይፈረድበትም። ለባለቤቱ ድህነት የሆነው ለሌላው ውበት ሆኗል። ይህንኑ ክስ በገበሬ የተቀደደ ልብስ ላይ፣ በጎስቋላ ሰፈር ሥዕል ላይ፣ በረሃብ በተዘጋጀ ድራማ ላይም ማቅረብ ይቻላል፤ ቀርቧልም።

የክሱን ግማሽ መቀበል ግድ ነው። ዝገትን እንደ ጌጥ የሚበትን፣ ጎድጓዳን እንደ አበባ የሚተክል ሠሪ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው የሾፌሩን ድካም ያለ ፈቃድ ወስዶ ለብሶታል። ሌላው ግማሽ ግን ከመጠን ያለፈ ነው። አዲስ የሚያብረቀርቅ ሞዴል ብቻ ይሠራ ቢባል የሚታየው የፋብሪካው ሥራ ነው፤ መሐንዲሱና ባለ ሀብቱ በሠሩት ልክ ይታያሉ። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ወዛደሩ፣ መካኒኩ ግን የሉም። እነርሱ በመኪናው ላይ የሚጽፉት በመፋቅ፣ በመላጥ፣ በማጎድጎድና በመጠገን ነው፤ ሌላ ብዕር አልተሰጣቸውም። የተላጠውን ጠርዝ አስተውሎ፣ ምክንያቱን ጠይቆ፣ በቦታው ያኖረ ሠሪ ስማቸው በየትም ያልተመዘገበ ሰዎችን ጽሕፈት አንብቦ ገልብጧል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ከልብ የጠየቀ እጅ የሚያኖረው ዝገት ቦታውን አይስትም። ጥሩ ሠሪ ስለዚህ ዝገቱን ብቻ አይቀባም፤ ከዝገት ጋር የተደረገውንም ትግል ይቀባል። አንዱን በር ከሌላው በቀለም ለየት አድርጎ ከወደቀ መኪና ተገዝቶ የተገጠመ ያስመስላል፤ ቀጥ ብሎ ያልወጣ የብየዳ ጠባሳ ያኖራል፤ በአንድ በኩል ቀለሙ ገና ያልደበዘዘ ማጣበቂያ ላሜራ ይለጥፋል። ሾፌሩ ቢያየው መኪናውን ከማወቁ በፊት የራሱን ጥገና ያውቃል።

ስለ ትንንሽ መኪኖች ሲነሣ ሌላ ሠሪም መጠቀስ አለበት። በኢትዮጵያ ከተሞችና መንደሮች ልጆች ከሰርዲንና ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከሽቦና ከቆርኪ የጭነት መኪና ሲሠሩ ኖረዋል። ጎማው ካለቀ ጫማ ሶል ተቆርጦ ይገጠማል፤ ረጅም ሽቦ ከፊቱ ተዘርግቶ መሪ ይሆናል። የልጁ መኪና በልኬት ቢመዘን ስሕተቱ ብዙ ነው። ልጁም ማስረጀት የሚባል ነገር አይገባውም፤ ቆርቆሮው ዝጎ ቢያገኘው በአሸዋ ፈግፍጎ ያበራዋል። እርሱ የሚፈልገው መኪናው እንድትሄድና አፈር እንድትጭን ነው። ጭና ትሄዳለችም፤ በሁለተኛው ሳምንት በሯ ይጎረዳል፣ ጎማዋ ይሳሳል፣ ቆርቆሮዋ ይዝጋል። ማንም ሳይቀባት ሕጉን ጠብቃ በትክክለኛው ቦታ አርጅታለች። የሺዙኦካና የቦሎኛ ፋብሪካዎች በሚሊሜትር ክፍልፋይ ለክተው የማይደርሱበት አንድ እውነት በዚህች የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ አለ። ለሞዴል ሠሪው ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። እርሱ መኪናዋን አያስኬዳትም፤ አፈርም አይጭንባትም። ጉዞውን በዓይኑ ተመልክቶ፣ ያልሄደበትን መንገድ በሐሳቡ ተጉዞ ነው ከልጁ ሥራ አጠገብ ሊደርስ የሚችለው።

ሥራው አልቆ መደርደሪያ ላይ ስትወጣ ትንሿ መኪና በተራዋ እውነተኛ እርጅና ትጀምራለች። ይህኛው የቀድሞውን አይመስልም። ከለስላሳው የቪኒል ጎማ የሚወጣው ማለስለሻ ኬሚካል ከዓመታት በኋላ ወደ ፖሊስታይሪኑ ቸርኬ ዘልቆ ያሟሟዋል። በበሯ ላይ የተለጠፈው የድርጅት ስም ዳሩ ይገረጣል፤ ኮላው የደከመበት መስታወት ከቦታው ይወድቃል። ከሁሉም በላይ የቤቱ አቧራ ያርፍባታል፤ እርሱም ከልኬት ውጪ ነው። እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ በካቢናዋ ጣራና በጭነት ሳጥኗ ላይ ይተኛል፤ በብዙ ድካም የተቀባውን የመንገድ አቧራም ይሸፍነዋል። ባለቤቱ በየጥቂት ወሩ እንደ ላባ የለሰለሰ ቡርሽ ያነሣል፤ እፍ እያለ፣ በትንሹ እየዳሰሰ፣ የተቀባው አብሮ እንዳይነሣ እየተጠነቀቀ፣ እውነተኛውን አቧራ ከላይዋ ያራግፋል።